መታወቂያ የማይጠይቀው ዘበኛ

በቀቀን የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት እስከ ዛሬ ክርክር አለ። እናቷ ጎረቤት ነው ትላለች፤ ጎረቤት እናቷ ናት ይላል። የማያከራክረው ስሙ የወጣበት ቀን ነው። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ በሚጠብቀው የእናቶች ክሊኒክ ምሳ ይዛለት ሄደች፤ እሱ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር ከመግቢያው ጠረጴዛ ሥር ተደበቀችና በእሱ አነጋገር «መታወቂያ!» ብላ ጮኸች። ሦስት ሰዎች ኪሳቸውን ዳበሱ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቦርሳዋን እንዳለ ዘረገፈችው። አባትየው ከነሳሙና እጁ ሮጦ ሲመጣ ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር በሳቅ ፍርፍር ትላለች።

የሰባት ዓመት ልጅ የጎልማሳ ድምፅ ከየት አመጣች የሚል ካለ፣ አላመጣችም። አባቷ ቃሉን ሲናገር መሃሉ ላይ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ የቀረውን እንደ በር ይዘጋዋል። እሷ የቀዳችው ያንን አቋቋምና አዘጋግ ብቻ ነው። «ሰው በድምፁ ቅጥነትና ውፍረት አይደለም የሚታወቀው» ትላለች ዛሬም። «ቃሉን የሚጎትትበት ቦታ አለው። እሱን ከያዝሽለት አለቀ፤ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላልሻል።»

አባትየውን ሰው ሁሉ ጋሽ መታወቂያ ነው የሚለው። ክሊኒኩ በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል። በእነዚህ ዓመታት መታወቂያ ሳያይና በትልቁ መዝገብ ላይ ሳይጽፍ ያሳለፈው ሰው የለም። አዲሷን ዳይሬክተር በተሾመችበት ቀን በር ላይ አቁሟታል። የቧንቧ ሠራተኛውን ውሃው በደረጃው ላይ እየወረደ አቁሞታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በቀቀንን ልትወልድ ምጥ ይዟት የመጣችውን የገዛ ሚስቱን መታወቂያ መጠየቁ ነው። እናቷ ይህን ሰው ባለበት ሁሉ ታወራዋለች። «ግድግዳ ይዤ እያማጥኩ ‹ስም?› አይለኝም! ስሜን! ሚስቱን!» እሱ እቴ፣ አያፍርም። «ሥራ ነው። ደግሞ አላስቆየሁሽም» ይላል።

ታዲያ ይህ ድርቅ ያለ ሰው ሆዱ ቅቤ ነው። አንድ ቀን መንታ የተወለዱለት ወጣት ስልኩ ተዘግቶበት በኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል አየው። ልጁ የምሥራች ይዟል፤ የሚሰማው ግን አጥቷል። ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው ዛሬ የት አለ? በመጨረሻ ደስታው ቢያፍነው ጊዜ ጋሽ መታወቂያን አቅፎ አለቀሰበት። በማግሥቱ ጋሽ መታወቂያ ከኪሱ ሦስት የቻርጀር ገመድ ገዝቶ መጣ። መቀበያ አዳራሹ ውስጥ ያለው አንድ ሶኬት የክትባቱ ፍሪጅ ስለሆነ፣ ገመዶቹን ከመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ጀርባ ሰካቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክሊኒክ የማንም አባት ስልክ በወሳኝ ሰዓት ሞቶበት አያውቅም። «ስልክ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ዓመት አልፎታል። ገመዶቹ የተንጠለጠሉት ከማስታወቂያው ሥር ነው።

በቀቀን አድጋ ስልክ ጠጋኝ ሆነች። ሱቋ በልብስ ሰፊውና በመነጽር ቤቱ መሃል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አጉሊ መነጽር ያለው መብራት፣ ካቻቢቴዎች የታጨቁበት ቆርቆሮ፣ ብሎኖች የሚለጠፉበት ማግኔት አላት። አሥራ ሁለት ዓመት ስክሪንና ባትሪ ስትቀይር ኖረች። ደንበኛ ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው የመንደሩን ሰው ሁሉ እየቀዳች ታስቀዋለች።

አንድ ቀን ስለ ገመዶች ጠባይ የሚያትት ጽሑፍ ስታነብ እንዲህ የሚል ነገር አገኘች። አንድ ዕቃ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚለው «ማነህ?» ነው። ዕቃው «ኪቦርድ ነኝ» ካለ «እንግዲያው ጻፍ» ይለዋል። «ፍላሽ ነኝ» ካለ «የያዝከውን አሳየኝ» ይለዋል። «ማውስ ነኝ» ካለ ቀስቱን ያስረክበዋል። ስም ይጠይቃል እንጂ ማስረጃ አይጠይቅም።

በቀቀን ካቻቢቴዋን ጥላ ሳቀች። «በስመ አብ! መታወቂያ የማይጠይቅ ዘበኛ!»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ደንበኛ «ለመለዋወጫ ይሁንሽ» ብሎ የተወላትን ጥግ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አነሣች። የውስጥ ሥርዓቱን ከፍታ፣ የተቆለፈበትን ፈትታ፣ ከደንበኛ ሥራ በተረፋት ሰዓት ሁሉ ሌሎች ዕቃዎችን መምሰል አስተማረችው። ስልክ ነውና እንደ ስልክ ይደውላል፤ ስትፈልግ ግን ኪቦርድ ነኝ ይላል፣ ፍላሽ ነኝ ይላል፣ ካስፈለገም ሁለቱንም ነኝ ይላል። መጀመሪያ አልሆነላትም። ስልኩ ያዘጋጀችለትን ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ስለሚለቀው አሮጌው ኮምፒውተሯ ግማሹ ፊደል ያመልጠዋል። ቢቸግራት በየፊደሉ መሃል ትንሽ ፋታ አስገባችለት። «እንደ ባልቴት ተናገር፤ ቀስ ብለህ» አለችው። ሆነ! ከደስታዋ ብዛት የመነጽር ቤቱን ባለቤት ጠርታ ጉንጩን ሳመችው፤ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልገባውም። የልብስ ሰፊውን ኮምፒውተር ደግሞ አስፈቅዳው፣ ስልኩን ማውስ አስመስላ ቀስቱን በስክሪኑ ላይ አዞረችበት። ፈቅዶ እንኳ ወንበሩን ይዞ ሦስት እርምጃ ሸሸ።

የክሊኒኩ ዳይሬክተር የተሰነጠቀ ስክሪን ልታስቀይር አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቋ ገባች። እስኪቀየርላት ቁጭ ስትል ልብስ ሰፊው አንገቱን በበሩ አስግጎ «እስኪ ያንን ጂንሽን አሳዪያት» አለ። በቀቀን አሳየቻት። ዳይሬክተሯ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ትዝ አላትና ሳቋን አቋረጠች። እዚያ ውስጥ የስንት እናት ገመና አለ፤ ማን ምን እንዳመማት፣ ማን ስንት ጊዜ እንዳስወረዳት፣ የማን ልጅ አባት ማን ተብሎ እንደተጻፈ።

«የኛን ልትፈትኚልን ትችያለሽ?»

«ፈርመው ከፈቀዱልኝ እችላለሁ» አለች በቀቀን። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ? እኔ ደግሞ ባለቤቱን አክብሬ፣ አስፈርሜ ነው የምነቀንቀው።»

ደብዳቤው ተጻፈ። ዳይሬክተሯ ፈርማ ስትሰጣት «ለማንም አይነገርም» አለች። «ለአባትሽም።»

«ለአባቴም?»

«ከተነገረው ምኑን ፈተና ሆነ? እንደማንኛውም ሰው በበር ትመጫለሽ። ያየሽውን ሁሉ ትጽፊያለሽ፤ በሩንም ኮምፒውተሩንም። የጎደለ ሪፖርት አልፈልግም።»

በቀቀን እሺ ብላ ከወጣች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። አባቷ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የገነባው ስሙ ነው ሀብቱ፤ ሌላ ሀብት የለውም። እሱን በገዛ በሩ ላይ ልታታልለው ነው። ብትነግረው ቃሏን ትበላለች፤ ባትነግረው አባቷን። ደግነቱ መላ አላጣችም። ባልቴት መስላ፣ መታወቂያ ሳትይዝ ትሄዳለች። እሱ እንደ ልማዱ ይጠይቃታል፣ የለኝም ትላለች፣ ይመልሳታል፤ ፈተናው በር ላይ ያልቃል፣ አባቷም ያሸንፋል። በሥራው መሸነፍን ለምኖ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ እንዲያ ሆነች።

እሑድ ምሳ ላይ አላስችል አላትና ዳር ዳር አለች። «አባዬ፣ ግን ስልክ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ጥሩ አይደለም ይላሉ እኮ።»

«ምን ያደርጋል? መብራት ነው የሚጠጣ» አለ አባቷ እየጎረሰ። «ይጠጣ! ለተጠማ መስጠት ጽድቅ ነው።»

«ሌባ ቢሆንስ?»

«ሌባማ በኔ በር አያልፍም።»

እናቷ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «አንቺ ልጅ፣ ምን ደብቀሻል?» አለች። በቀቀን ሾርባው ትን አላት። የዚያን ቀን ጨዋታ በዚሁ አበቃ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ረጅም ቀሚስ ለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቀለለች፣ ወፍራም መነጽር ከጎረቤቷ ሱቅ ተዋሰች፣ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፈነች። ክሊኒክ ውስጥ ማስክ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ከመስተዋት ፊት ቆማ የባልቴት ድምፅ ሞከረች። የመጀመሪያው አላማራትም። ሁለተኛውም አላማራት። ሦስተኛው ግን ሳታስበው ከጉሮሮዋ ወጣ፤ ደከም ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ የሚናገር። «ደከመኝ፣ ደከመኝ ልጄ» አለች ለመስተዋቱ። ጥሩ ነው አለች። ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም። አንዳንዴ ሰው የገዛ ጓዳውን ከፍቶ ያወጣውን ዕቃ ከገበያ የገዛው ይመስለዋል።

ሦስት ሰዓት ላይ በከዘራ ተደግፋ ከክሊኒኩ በር ደረሰች። አባቷ ከጠረጴዛው ተነሣ። እጁ መዝገቡ ላይ ነው፤ አፉ ለቃሉ ተከፍቷል።

«ደከመኝ፣ ደከመኝ ልጄ» አለች በቀቀን። «ደረጃው በዛብኝ፣ በዛብኝ።»

የተከፈተው አፍ ምንም ሳይል ተከደነ። በቀቀን በመነጽሩ ውስጥ አየችው፤ አባቷ ቆሞ ቀርቷል። ጠይቀኝ እንጂ አባዬ፣ አለች በልቧ፤ መታወቂያ በለኝ! እሱ ግን ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፤ ክንዷን ያዘ።

«ይግቡ እማማ። ቀስ ብለው። እዚህ ጋ ይቀመጡ።»

«ስልኬ ሞተብኝ፣ ሞተብኝ። ልጄ ትደውልልኝ ነበር።»

«ምን ችግር አለ! ይስጡኝ» ብሎ ስልኩን ተቀበላት። በገዛ እጁ ወስዶ ከገመዶቹ በአንዱ ሰካው። ተመልሶም ውሃ በብርጭቆ አመጣላትና ከጎኗ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከበሩ ርቆ እንዲህ የቆመበት ቀን የለም።

ስልኩ እንደታዘዘው ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ለኮምፒውተሩ ኪቦርድም ፍላሽም ነኝ አለው፤ ኮምፒውተሩም እሰይ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ተቀበለው። ኪቦርዱ እንደ ባልቴት ቀስ እያለ ትእዛዙን ጻፈ፤ ፍላሹ ውስጥ የተቀመጠችውን ደብዳቤ ከፈተ። መዝጋቢዋ እጇን ሳታነሣ ስክሪኗ ላይ በትልልቁ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ይህን የከፈተው ስልክ ነው። ለፈተና የተላከ ነው፤ ምንም ነገር አልነካም፣ ምንም አልወሰደም። እባክዎ ለዳይሬክተሯ ይደውሉ።»

«ኡ ኡ! ኮምፒውተሬ!» ብላ መዝጋቢዋ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

ጋሽ መታወቂያ መጀመሪያ ያደረገው ባልቴቷን መከለል ነበር። እጁን ዘርግቶ ከፊቷ ቆመና «አይዞዎት እማማ፣ እኔ አለሁ» አላት። በቀቀን ከዚህ በላይ አልቻለችም። ማስኩን አወረደች፣ መነጽሩን አወለቀች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

አባቷ አያት። ስልኩን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ! ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ቀጥሎ ለመጣው ሰው «መታወቂያ» አለ። የዚያን ቀን የመጣውን ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቀ ይባላል፤ ሲገባም ሲወጣም።

በቀቀን ሱቋን ዘግታ ሪፖርቱን ስትጽፍ ዋለች። ኮምፒውተሩ ያልታወቀ ዕቃ መቀበሉን ጻፈች፣ ገመዶቹን ጻፈች፣ ማስታወቂያው እንደማይነበብ ጻፈች። በሩ ላይ ስትደርስ ብዕሯ እምቢ አለ። «ፈታኟ ወደ ውስጥ ገባች» ብላ አለፈችው።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ አባቷ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እስኪ።»

መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ፣ እንደ መዝገብ አነበበው። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «በሩስ?»

«ገባች ይላል እኮ።»

«እንዴት ገባች? ማን አስገባት? መታወቂያ ተጠየቀች ወይስ አልተጠየቀችም?»

«አባዬ፣ አንድ ዓመት ነው እኮ የቀረህ» አለች በቀቀን፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሰው ሠላሳ አንዱን ዓመት ይረሳና ያችን አንድ ቀን ነው የሚይዝብህ።»

አባቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም አድልቼ አላውቅም። ለእናትሽም። አሁን ልጄ ታድላልኝ? አንቺም ዘበኛ ሆነሻል፤ ዓይነቱ ነው እንጂ የሚለየው። ዘበኛ ያየውን ይጽፋል። ጻፊ!»

«እሺ፣ ለምንድን ነው ያልጠየቅከኝ?»

«እሱን በስብሰባው እናገራለሁ» ብሎ ቆቡን አደረገና ወጣ። በቀቀን አፍንጫዋን እየጠረገች ጻፈች፦ «ዘበኛው መታወቂያ አልጠየቀም፤ በመዝገብም አላሰፈረም፤ ስልኩን በራሱ እጅ ሰካ።» ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ ሰምታ ታውቃለች። ልጅ በአባቷ ላይ ስትጽፍ ግን ምን እንደሚባል አታውቅም።

ስብሰባው ዓርብ ዕለት በምግብ አዳራሹ ተደረገ። ነርሶቹ፣ መዝጋቢዋ፣ የፅዳት ሠራተኞቹ፣ አዋላጇ ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። አዋላጇ በቀቀንን የተቀበለቻት ያችው ናት፤ አርጅታለች እንጂ አንደበቷ አላረጀም። ዳይሬክተሯ ሪፖርቱን አነበበች። «ዘበኛው መታወቂያ አልጠየቀም» የሚለው ጋ ስትደርስ አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ነርስ «ጋሼ? ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። በቀቀን አንገቷን ደፋች፤ መሬት ብትከፈት ደስ ባላት።

ጋሽ መታወቂያ ብድግ አለ። ቆቡን አወለቀ።

«እውነት ነው» አለ። «ልጄ የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው። ስልኩን የሰካሁት ካለማወቅ ነው፤ ለሰው ያዘንኩ መስሎኝ። የበሩ ግን ካለማወቅ አይደለም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ ካረፈች አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የምትናገር። ማክሰኞ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ‹ደከመኝ፣ ደከመኝ ልጄ› ስትል ሰማኋት። እናቴ አለመሆኗን አውቃለሁ፤ አእምሮዬን አልሳትኩም። የገዛ ልጄ መሆኗን ግን አላወቅሁም። ብቻ ዝም ብላ ብታወራልኝ ብዬ ነው። ከጠየቅኋት የለኝም ብላ ልትሄድብኝ ነው። እናቱን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ማነው?»

በቀቀን ያን ጊዜ ነው ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ የገባት። አያቷ እስከ አሥራ አራት ዓመቷ ድረስ አንድ ክፍል አብራት ያደረች፣ ተረት ሁለት ሁለት ጊዜ የነገረቻት፣ «ተኚ፣ ተኚ» እያለች ያስተኛቻት ናት። ከመስተዋት ፊት ቆማ የጠራቻት እሷን ኖሯል።

«ሚስቱን የጠየቀ ሰው ነዋ!» አለች አዋላጇ ከጥግ። «ምጥ ይዟት፣ እኔ እዚያ ቆሜ! ሚስቱን ‹ስም?› ብሎ፣ ዛሬ ለእናቱ አዘነ!»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። መዝጋቢዋ ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች፤ ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ እንባው የየትኛው እንደሆነ አልታወቀም። ጋሽ መታወቂያም ለመኮሳተር ሞክሮ አልሆነለትም። በቀቀን ሄዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር፤ ሁለቱም ደስታ ነበር።

ሳቁ ጋብ ሲል ለሰው ሁሉ አስረዳች። «ኮምፒውተሩም ሞኝ ስለሆነ አይደለም የተታለለው። የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ፤ ኪቦርድ ሲባል የኖረ ወዳጁ ነው፣ በሩን ከፈተ። መፍትሔው ደግሞ ደግነቱን መተው አይደለም።» ቀጥላም ያሰበችውን ነገረቻቸው። ከመቀበያ አዳራሹ ግድግዳ አዲስ የሶኬት መስመር ይሳባል፤ ከእሱ ጋር መብራት ብቻ የሚሰጥ፣ ከኮምፒውተር ጋር ምንም የማያነጋግር የቻርጅ ሳጥን ይሠራል። በመዝጋቢዋ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የማይታወቅ ኪቦርድም ሆነ ፍላሽ ሲመጣ፣ ኃላፊ ካልፈቀደለት እንዳይቀበል ይደረጋል።

«እንግዲህ ኮምፒውተሩም መታወቂያ ሊጠይቅ ነው በይኛ» አለ አባቷ።

«አዎ አባዬ፤ ካንተ ተምሮ።»

«በደንብ ይማር!»

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኑ ተሠራ። አሥራ ስድስት ቀዳዳ፣ አሥራ ስድስት ቁጥር፣ የሚቆለፍ ክዳን አለው። ቁልፉን ዳይሬክተሯ በሰው ሁሉ ፊት ለጋሽ መታወቂያ አስረከበችው። አሁን ስልክ የሚያስቀምጥ ሁሉ ቁጥር ይይዛል፤ ሲወስድም ቁጥሩን ያስረክባል። ልጅ የተወለደለት አባት ግን ተራ አይጠብቅም፤ ያ የጋሽ መታወቂያ የራሱ ሕግ ነው፤ የትም አልተጻፈም።

ከሦስት ወር በኋላ ዳይሬክተሯ እንደገና ይፈተን አለች። ቀኑ ለማንም አልተነገረም። በቀቀን ያንኑ ቀሚስ፣ ያንኑ መነጽር፣ ያንኑ ማስክ አደረገች። ዘዴ መቀየር ነበረባት፤ ለፈተናው የሚበጀው እሱ ነበር። ግን ሌላ ድምፅ ለመሞከር እንኳ ከመስተዋቱ ፊት አልቆመችም።

«ደከመኝ፣ ደከመኝ ልጄ» አለች በሩ ላይ።

ጋሽ መታወቂያ ብድግ አለ። ወንበር አቀረበላት። «እንደምን አደሩ እማማ?»

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። አንተስ? በላህ? በላህ ወይ?»

«በልቻለሁ።»

«ከስተሃል፣ ከስተሃል። ሚስትህ አታበላህም?»

«ታበላኛለች እማማ።»

«ቁም ቁም አትበል፣ እግርህን ያምሃል። ስታመሽም ልበስ፣ ልበስ።»

«እለብሳለሁ።»

አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ አወራችለት። እሱም ቆቡን በእጁ ይዞ እንደ ተማሪ ቆሞ መለሰላት። ሁለት ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አላያቸውም። በመጨረሻ በቀቀን የተሰነጠቀውን ስልክ አወጣች። «ሞተብኝ፣ ሞተብኝ። እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካልኝ።»

ጋሽ መታወቂያ ስልኩን ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ሰካው፤ ሰባት ቁጥርን ሰጣት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፣ ቆቡን አደረገ፣ መዝገቡን ገለጠና ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ረጥቧል፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ደርሷል።

«መታወቂያ።»

«የለኝም፣ የለኝም ልጄ።»

«እንግዲያው አያልፉም እማማ» አለ እየጻፈ። «ቢሆንም መዝግቤዎታለሁ።»

መዝጋቢዋ ከመስኮቷ አጨበጨበች። በቀቀን ማስኩን አውርዳ አባቷን ጉንጭና ጉንጩን ሳመችው፤ ተሸንፋ እንዲህ የተደሰተችበት ቀን አልነበረም። ከዚያ ለሪፖርቷ የዕለቱን ገጽ ልትቀዳ መዝገቡን ወደ ራሷ ዞር አደረገችው። በአባቷ ድርቅ ያለ ጽሕፈት፣ ከሌሎቹ መስመሮች እኩል፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ስም፦ እናቴ። የመጣችበት ጉዳይ፦ ልትጠይቀኝ። መታወቂያ፦ ተጠይቃ አልያዘችም። ስልክ፦ ሳጥን ቁጥር ሰባት።»

በቀቀን ገጹን ደጋግማ አነበበችው። ልትወጣ ስትል አባቷ የቀጣዩን ሰው መታወቂያ እየተቀበለ፣ ቀና ሳይል «ሌላ ጊዜም ፈትኚን» አላት። «አታቆዪው ደግሞ።»

ሪፖርቱን ያን ዕለት ከሰዓት ጻፈች። በሩ አልፏል፣ ሳጥኑ አልፏል፣ ኋላ ስልኩ የተሰካበት ኮምፒውተርም አላውቅህም ብሎ አልፏል። ዳይሬክተሯ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብባ ምክረ ሐሳቡ ጋ ስትደርስ ቅንድቧን አነሣች።

«ሁሉም አልፏል ብለሽ፣ ፈተናው በየወሩ ይደገም ትያለሽ። ለምን?»

«ለጥንቃቄ» አለች በቀቀን፤ ዳይሬክተሯም ፈገግ ብላ ፈረመችበት።